በስውር ግልባጭ ስላከበሩኝ

ለክቡር የቴአትር ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያ አንገትዎን ሰቅዞ የሚይዝዎት ሕመም ለቀቅ እንዳደረገዎት ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ስክሪን ላይ አጎንብሶ የዚያን ያህል ስም አንድ በአንድ እየለቀሙ መጻፍ በአንገት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተደፍታ የምትውል ሴት ከማንም በላይ ትረዳዋለች። ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጣቶችዎ ብርታት፣ ለቤተሰብዎ ሰላም እመኛለሁ።

እኔ የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ራሴን የማስተዋውቀው እርስዎ ረስተውኛል ብዬ አይደለም። ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ፣ ከልምምድ ሰሌዳው አጠገብ ስለሚለጠፍ፣ በኢሜይልም ሲላክ ተቀባዮቹ ሁሉ እርስ በርስ እየተያዩ ስለሚደርሳቸው፣ ከመካከላቸው ደረጃውን ወርዶ ክፍሌን አይቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር እንዳይቸገር ብዬ ነው። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እርስዎ በየስብሰባው «ነጥብ ነጥቡን» ማለት ስለሚወዱ።

አንደኛ፦ ስለተሰጠኝ ክብር።

ይህን ቤት እንዲመሩ በተሾሙ ሰሞን የኮትዎ ገበር ተተርትሮ ወደ ክፍሌ መጥተው ነበር። ክፍሌ ከመድረኩ ጀርባ በጠባቡ ደረጃ ተወርዶ የሚገኝ፣ አንዲት ከፍ ያለች መስኮት ብቻ ያለችው፣ የንጉሥ ካባና የነርስ ጋውን በአንድ ዘንግ ላይ ተቃቅፈው የሚውሉበት ቤት ነው። እርስዎ በሸሚዝ ሆነው ተዋንያን ልካቸውን የሚለኩበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ገበሩን ስሰፋ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ልቤን የምጥለው በእርስዎ ላይ ብቻ ነው። ከባድ ከባድ ደብዳቤ ስጽፍ ለእርስዎም በስውር እልክልዎታለሁ። ስምዎ አይታይም። ብቻ ለማንም እንዳይናገሩብኝ» አሉኝ። መርፌዋ ጣቴን ወጋችኝ። መድማቴን ያየሁት ግን እርስዎ ኮትዎን ለብሰው ከወጡ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የደረሰኝ ጣሪያችንን ላበላሸው ሥራ ተቋራጭ የጻፉለት ነበር። «ለ» በሚለው ቦታ የተቋራጩ ስም አለ፤ «ግልባጭ» በሚለው ቦታ የፋይናንስ ክፍሉ አለ፤ እኔ የለሁም። እኔ የማውቀው ግልባጭ በወረቀት ደብዳቤ ግርጌ ተደርድሮ ማን እንዳየው ማን እንዳላየው የሚናገረውን ነው። ስለዚህ የሰው ደብዳቤ በስህተት የደረሰኝ መስሎኝ ደነገጥኩና ለልጄ ደወልኩላት። ልጄ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ስትውል ስታድር ኢሜይል ነው ሥራዋ።

«እማዬ፣ አልተሳሳተም» አለችኝ። «ሦስት ቦታ አለ። 'ለ' የሚለው ላይ የሚገባው ባለጉዳዩ ነው። 'ግልባጭ' ላይ የሚገባው 'ይህም ሰው ይወቀው' የተባለው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያያቸዋል። ሦስተኛው ስውር ግልባጭ ይባላል። እዚያ የገባ ሰው ደብዳቤው ይደርሰዋል፣ ስሙን ግን ከላኪው በቀር ማንም አያየውም። አንቺ አሁን መጋረጃ ጀርባ ቆመሽ እየሰማሽ ነው ማለት ነው።»

መጋረጃ ጀርባ መቆም እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ገባኝ፤ ወዲያውም ወደድኩት።

ክቡር ሆይ፣ ለዚያ ዘመን አመሰግንዎታለሁ። በኮሪደሩ ላይ ስሄድ እንኳ አረማመዴ ተለውጦ ነበር። መሪ ተዋናያችን ፀጉሩን እያሻሸ ሲያልፍ «አይ ወንድሜ፣ ስለ አንተ ለቦርዱ ምን እንደተጻፈ ብታውቅ» እያልኩ በልቤ አዝንለት ነበር። የመብራት ባለሙያው ሻማ አዲስ አምፖል ይገዛልኛል ብሎ ቦታ ሲለካ፣ ጥያቄው ውድቅ እንደሚሆን እኔ አስቀድሜ አውቄ፣ ሻይ በገዛ እጄ ቀድቼ አጽናናው ነበር። ሻማ ያልነው አለምክንያት አይደለም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አናቱ ላይ ብቻ ፀጉር ያለው ሰው ነው። ከእኔ ጋር በዚህ ቤት አብረን ነው ያረጀነው።

ቤቴ ድረስ የዘለቀው ክብርዎ ግን ትንሽ አጣልቶናል። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መስታወት እያየ የኖረ ሰው ስለሆነ ከኋላው የሚሆነው ሁሉ ይታየዋል። ስልኬን እያየሁ ፈገግ ስል አይቶ «ማነው?» አለኝ። «ሥራ ነው» አልኩት። «እኔም ሠርቻለሁ፤ ሥራ እንዲህ ያስቃል እንዴ?» አለና ጋዜጣውን ገለበጠ። ቃል ስለገባሁልዎ አልነገርኩትም። ስንት ምሳ በዝምታ እንደበላን እርስዎ በየትኛውም ግልባጭ አልደረሰዎትም።

ሁለተኛ፦ ስለተወሰደብኝ ክብር።

ይህ ቅሬታ ከአንደኛው የተወለደ ነው፤ ክብሩን ባይሰጡኝ ኖሮ መወሰዱ ባላንገበገበኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የወታደር ልብስ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ሻማ አንድ ኢሜይል አስተላለፈልኝ። ከላይ በራሱ ቃል «እትዬ፣ ይቺን ጉድ እይልኝ። ለአንቺ ብቻ ነው ያሳየሁት» ብሏል። ከሥሩ ያለው እርስዎ ስለ መሪ ተዋናዩ ማርፈድ ለቦርዱ ሰብሳቢ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ እኔም ዘንድ ነበር። የእኔ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤው፣ «የተዋናዩ ሰዓት አክባሪነት ከመድረክ ውጭ ትወና ሆኗል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንደ ግጥም በቃሌ ይዣት ነበር።

የተላለፈ ኢሜይል ሲመጣ ከደብዳቤው በላይ ትንሽ ራስጌ እንደሚኖረው እርስዎ ያውቃሉ፤ ላኪው እገሌ፣ ቀኑ ይህ፣ የተላከው ለእገሌ፣ ግልባጩ ለእገሌ ይላል። ያቺን ራስጌ የልብስ ጥልፍ እንደምመረምር መረመርኳት። ላኪ እርስዎ ነዎት። ተቀባዩ ሰብሳቢው ናቸው። ግልባጭ የሚለው መስመር የለም። ሻማ የሚባል ሰው በየትም የለም። የእኔን አውጥቼ ጎን ለጎን አየሁት፤ ያው ነው፤ ደቂቃው ሳይቀር ያው ነው፤ እኔም በየትም የለሁም።

ለልጄ ደወልኩ። «ምናልባት ሰብሳቢው አስተላልፈውለት ይሆናል» አልኳት፤ እንዲህ ብትለኝ ተመኝቼ ነበር።

«እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኮ እማዬ፣ ከላይ ሌላ ራስጌ ይደረብ ነበር፤ 'ከሰብሳቢው ለሻማ' የሚል። አንድ ብቻ ከሆነ በቀጥታ ነው የደረሰው። ስውር ግልባጭ ደግሞ ሲተላለፍ ስሙ ራስጌው ላይ አይወጣም። እሱም እንደ አንቺ መጋረጃ ጀርባ ነው።»

«የቱ መጋረጃ ጀርባ?»

«ያው ያንቺው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ክቡር ሆይ፣ እኔ በወጣትነቴም ባለቤቴን ሌላ ሴት ስታየው እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ቁልፉን የወታደሩ ኪስ ላይ ተክዬው አገኘሁት። ከሁሉ ያናደደኝ የሻማ ማስተላለፍ ነበር። እኔ ቃሌን አክብሬ ለገዛ ባሌ የደበቅሁትን ነገር እሱ እንደ ቀልድ ይበትነዋል! እርስዎም ይህን ሰው አምነው ከእኔ እኩል አቁመዋል! ደግሞም ሊያሳየኝ የፈለገው ደብዳቤውን ሳይሆን ደረጃውን ነው ብዬ ደመደምኩ። «ለአንቺ ብቻ» የምትለዋን ቃል እየደጋገምኩ አነበብኳት፤ በንባብ ብዛት ስድብ ሆነችብኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ስውር ነገር ሰልችቶኛልና። ሻማ ዚፕ እንድቀይርለት የሰጠኝን የሥራ ካፖርት «ክር የለም» ብዬ ሳልሠራ መለስኩለት። ከጀርባዬ ሙሉ መደርደሪያ ክር ተደርድሮ ነበር፤ እሱም አየው። ሻይ ይዤ ወደ መብራት ክፍሉ መውጣት ተውኩ። ለእርስዎ ደግሞ ከበፊቱ ረጃጅም መልስ እጽፍ ጀመር። ለተቋራጩ የጻፉትን «እጅግ የተዋጣለት» አልኩ፣ ለባንኩ የጻፉትን «አንጀት የሚያርስ» አልኩ፣ ነጠላ ሰረዝዎን እንኳ አደነቅሁ። ሻማ የቃላት ስህተት ማረም እንደማይችል ስለማውቅ በእያንዳንዱ መልሴ ሁለት ሁለት እርማት አስገባሁ። እርስዎም «አመሰግናለሁ እትዬ፣ ያለ እርስዎ ምን እሆን ነበር» ብለው ሲመልሱልኝ፣ ያቺን ቃል ለሻማም ብለውት ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ሻዬ ቀዘቀዘ።

የዚህ ጥል ዋጋ መድረክ ላይ ታየ። እንደሚያውቁት ጨርቅ በቀን ብርሃንና በመድረክ መብራት አንድ አይደለም። ሻማና እኔ ከጥንት ጀምሮ ማንኛውንም አዲስ ልብስ ከመስፋቴ በፊት ቁራጩን መድረክ ላይ ሰቅለን፣ እሱ አምፖሉን እየቀያየረ፣ እኔ ከወንበር መካከል ቆሜ እያየሁ ነበር የምንወስነው። ለሙሽሪት ቀሚስ የገዛነውን አረንጓዴ ጨርቅ ግን ሳላሳየው ሰፋሁት። በመክፈቻው ትርኢት ሙሽሪት ወደ ብርሃኑ ስትወጣ ያ ቀሚስ ጭቃ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ለልጃቸው «ምስኪን፣ ተበድረው ነው መሰል ያለበሷት» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

በማግስቱ ከእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የቀሚሱ ነገር ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የመብራቱ ሰውዬ ነው ያዋረደን» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ደስ አለኝ። ደስታው እስከ ምሳ ቆየ።

በዚያው ሰሞን ሻማ ሌላ ኢሜይል አስተላለፈልኝ። ስሙን ሳይ፣ «የተላለፈ» የምትለዋን ቃል ሳይ፣ ሳልከፍተው ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወርኩት። ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ወርዶ በሬ ላይ ቆመ፤ ዚፑ ያልተሠራውን ካፖርት በፒን አያይዞ ለብሶታል።

«እትዬ፣ የላክሁልሽን አየሽው?»

«አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።»

«እና ዝም ትያለሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ላጨብጭብልህ?»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ደረጃውን ወጣ። የጫማው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የስፌት መኪናውን በባዶው አንጣጣሁት፤ ክር እንኳ አልነበረበትም።

ሦስተኛ፦ ስለ ትልቁ መጋረጃ።

የዓመቱን ዕቅድ ሊያብራሩልን የልምምድ አዳራሹ ውስጥ ሁላችንን የሰበሰቡበትን ቀን ለማስታወስ አልደክምም፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ኮምፒውተርዎን ከፕሮጀክተሩ ጋር አያያዙ፤ ምስሉም እኔ ራሴ በሰፋሁት፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚሸፍነው ነጭ መጋረጃ ላይ ወጣ። ዕቅዱ አልተገኘም። «ቆይ፣ ለሰብሳቢው ልኬላቸዋለሁ፤ ከተላኩት ውስጥ አወጣዋለሁ» አሉና የላኳቸውን ደብዳቤዎች ከፈቱ። ከዚያም በስህተት አንዱን ነኩ።

ልጄ በስልክ የነገረችኝ ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ስውር ግልባጭን ከላኪው በቀር ማንም አያየውም ብላኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ሁላችንም በእርስዎ ዓይን እያየን ነበር። ፊደሉ የሰው ክንድ ያህል ነው። ተቀባይ፦ የቦርዱ ሰብሳቢ። ርዕስ፦ የአልባሳት ክፍልን ስለመዝጋትና አልባሳትን በኪራይ ስለማግኘት። ስውር ግልባጭ፦ ሻማ። ከሱ ቀጥሎ ድምፅ ክፍሉ። መሪ ተዋናዩ። የቡፌዋ እመቤት። የትኬት ቢሮው። የጥበቃ ኃላፊው። የመድረክ ጌጠኛው። ሾፌሩ። መስመሩ ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታችም ሌላ መስመር አለ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ የራሱን ስም ይፈልጋል፤ ያገኘ ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ያያል። መጀመሪያ የተናገረችው የቡፌዋ እመቤት ናት። «ውይ! እኔ ብቻ አልነበርኩም እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ቅናት ከማንም በላይ አወቅሁት። መሪ ተዋናዩ «ለእኔም እኮ 'ከአንተ በቀር ማንንም አላምንም' ብለውኛል» አለ። የጥበቃ ኃላፊው ቆቡን አውልቆ አንጠለጠለው።

እኔስ? እኔ ክፍሌ ሊዘጋ መሆኑን እያነበብኩ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራዬ፣ መስቀያዎቼ፣ ያቺ ከፍ ያለች መስኮት፣ ሁሉም በዚያ ርዕስ ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ስሞቹ ነው። ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፤ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። የለሁም። ሾፌሩ አለ፣ እኔ የለሁም። ክቡር ሆይ፣ መጀመሪያ የወጋኝ ሥራዬን ማጣቴ ሳይሆን ስለ ማጣቴ በስውር አለመነገሬ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግንዎታለሁ።

«ይህ ረቂቅ ነው» አሉና የኮምፒውተርዎን ክዳን ከደኑት። መጋረጃዬ ሰማያዊ ሆነ።

ወደ ክፍሌ ወርጄ ቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ። የሻማ ኢሜይል እዚያው ነበር። ከሥሩ ያለው ይኸው የእርስዎ ደብዳቤ ነው፤ ከራስጌው በላይ ሻማ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «እትዬ፣ ይህ አንቺ ማየት የነበረብሽ ነው። ለእኔ ብቻ የተላከ መስሎኝ ስፈራ ሰነበትኩ። ግን አንቺን ሸጬ ቃል ልጠብቅ እንዴ? ሐሙስ ነው የሚወስኑት፤ ከዚያ በፊት ለሰብሳቢው ጻፊላቸው።» ሐሙስ አልፎ ነበር።

የመብራት ክፍሉ ድረስ ያለውን የብረት መሰላል እንደምን እንደወጣሁት አላውቅም። ሻማ አምፖል እየወለወለ ነበር። ይቅርታ ልለው ሄጄ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ፦ «አንተ የጀመረልህ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«የስውሩ።»

«በመጣ በሳምንቱ ነዋ። አንቺስ?»

እኔ የኮቱ ገበር እስኪተረተር ጠብቄያለሁ። ዋጥ አደረግሁት። ከዚያ ስልኮቻችንን አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ስለ አረንጓዴው ቀሚስ ለእኔ «የመብራቱ ሰውዬ ነው ያዋረደን» ባሉበት ሰዓት፣ ለሻማ «አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብለውታል። ሻማ ስልኩን ሊሰውርብኝ ሞከረ፤ እኔ ግን አንብቤው ነበር። በኋላ እሱ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ አሮጊቷ የምትለዋ ግን እስካሁን ጎኔ ውስጥ አለች።

ከዚያ ያደረገው ነገር የእርሱ ብቻ ሐሳብ ነው፤ በእኔ ላይ አያላክኩት። የእርስዎን ደብዳቤ ከፍቶ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጫነ። ስውር የሆነ ሰው ለሁሉም ሲመልስ መልሱ ለሚታዩት ብቻ ይደርሳል፤ ማለትም ለእርስዎና ለሰብሳቢው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኛል። የአልባሳት ክፍሉ ከተዘጋ መብራቴ የሚያበራው ራቁት መድረክ ነው» ብሎ ጻፈ። ወርዶ ለቡፌዋ እመቤት ነገራት። እሷም «ለእኔም ደርሶኛል» አለች። ሾፌሩ «ለእኔም»። መሪ ተዋናዩ ረዥም ነገር ጻፈ፤ አርፍዶ ነው የላከው፤ ግን ላከው።

ሰብሳቢው ክፍሌን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ስለ አልባሳቱ ይጠይቁኛል ብዬ ሁሉንም ካውያ መትቼ ነበር። ካባዎቹን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ያቺን በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣ ከዚያም በጣም ባዘነ ድምፅ «ለእኔ የጻፈውን ሁሉ ሾፌሩም ያነበው ነበር?» አሉኝ። «ሁሉንም» አልኳቸው። «ለእኔ እኮ 'ይህ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር' ብሎኛል» አሉ። ያን ሰዓት የፊታቸውን ቀለም አይቼ አዘንኩላቸው። ያን ቀለም አውቀዋለሁ፤ በየትኛውም መብራት አይለወጥም። ውሳኔው እስከ መጪው የትርኢት ወቅት መጨረሻ ታገደ። የክፍሌን ሥራ አይተው ነው ወይስ በእርስዎ ቀንተው ነው ብዬ አልመረመርኩም፤ ስጦታን እንዲህ አይመረምሩትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ስለ እኔ ሲጽፉ ለእኔ ይጻፉ። ከአሁን በኋላ በስውር ሊያከብሩኝ ቢያስቡ ባለቤቴን አስቀድመው ያነጋግሩት፤ ነገሩን ሁሉ ስነግረው «ለስንት ሰው ነው እንዲህ የሚልከው?» ብሎ ጠየቀኝና ስነግረው ልቡ ረጋ፤ ከዚያ ወዲህ ምሳችን ወሬ አለው። ሻማን ደግሞ ሰውዬው አይበሉት። ትናንት አረንጓዴውን ቀሚስ ፈትቼ፣ አዲስ ቁራጭ መድረክ ላይ ሰቅለን፣ እሱ አምፖሉን እየለዋወጠ «በዚህኛው ጭቃ፣ በዚህኛው ቅጠል» እያለ አሳይቶኛል። ካፖርቱም ዚፕ ተገጥሞለታል።

በመጋረጃ ጀርባ ቆመው ያዳመጡዎት ሁሉ በፊትዎ ቆመው በሚያደንቁዎት አክብሮት፣ ለሰጡኝ ቦታም ላልሰጡኝም ቦታ እጅ እየነሳሁ፣

የአልባሳት ክፍል ኃላፊ (ስሟ በሚታይበት ቦታ)

ግልባጭ፦
ለቦርዱ ሰብሳቢ
ለመብራት ክፍል
ለድምፅ ክፍል
ለቡፌዋ እመቤት
ለሾፌሩና ለቀሩት በሙሉ፣ ሁሉም በግልጽ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት አዲሷ የትኬት ሠራተኛ ለደንብ ልብሷ ልክ ልትሰጥ መጥታ ነበር። ክንዷን ዘርግታ ስለካት ስልኳ ጮኸ፤ አየችውና ፈገግ አለች፤ ጎንበስ ብላም «እትዬ፣ ሥራ አስኪያጁ ለእኔ ብቻ የሚልኩልኝ ነገር አለ፤ ለማንም አይንገሩብኝ» አለችኝ። ፊቷ እንዴት አበራ! ልነግራት አፌን ከፍቼ አንጀቴ አልቻለም፤ ሜትሩን ጠቀለልኩ። ምን እንደሚል ግን ጠየቅኋት። «አልነግርዎትም» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይላል?